የሆስፒታላችን ቀዳዳ

ትናንት ምሳዬን በልቼ ጠረጴዛዬ ላይ ደፋ ባልኩበት ሕልም አየሁ፤ ፈቺ ካለ ይፍታልኝ።

በሥራዬ የአንድ ሆስፒታል ኔትወርክ ጠባቂ ነኝ። መስመሩን የሚያገናኙት መሣሪያዎች ከሦስት ፋብሪካ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ተገዝቶ፣ አንዱ በእርዳታ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ተጥሎብን። በመካከላቸው ቀዳዳ እንዳለ ካወቅኩ ወራት አልፈዋል። በዚያ የገባ ሰው የታካሚን የደም ዓይነት መዝገብ ላይ ሊለውጥ ይችላል። ጥናት ጽፌ ቢሮ ለቢሮ ብዞርም ሁሉም «የእኔ አይደለም፣ የዚያኛው ነው» ይለኛል። እፈራለሁ፤ በጣም እፈራለሁ።

በሕልሜ የምርመራ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ሦስቱ መሣሪያዎች ነጭ ጋዋን ለብሰው ከበቡኝ።

«አፍንጫው ክፍት ነው፤ ያውም ሁለት ቦታ» አለ የተገዛው።

«አፍንጫው የአባቱ ነው። እኔን የሚመለከተኝ በእናቱ በኩል ያለው ብቻ ነው» አለ የእርዳታው።

«ጆሮውስ? ወሬ ሁሉ ዝም ብሎ ይገባል!» አለ የተገዛው።

«እሱ የእናቱ ነው። ግን ዋስትናው ካለፈ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።»

ሦስተኛው ደብተሩን ዘጋ። «እናትና አባቱ በጋራ ደብዳቤ ይጻፉልን» ብሎ ወጣ።

«ሁለቱም ሞተዋል!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም።

ወዲያው ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆሜያለሁ። ዘበኞቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው በአጥር ይዘላሉ። ሌቦቹ ከረባት አስረው፣ ማመልከቻ ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመው ሽማግሌ ሌባ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝ።

«ልጄ፣ አጥራችሁ ከፈረሰ ስንት ጊዜው! መግባቱስ ቀላል ነበር። ውስጥ የተኛውን በሽተኛ አስበን አፈርን እንጂ።»

«ታዲያ ምን ፈልጋችሁ ተሰለፋችሁ?»

«ዝጉልን ልንል ነዋ! ፈተና አትሁኑብን።»

ዕንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ቢሮ ስዞር እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እጅጌያችንን ሰብስበን አጥሩን አብረን መጠገን ጀመርን። እሱ ድንጋይ ሲያቀብለኝ፣ እኔ ስደረድር፣ አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝ።

አለቃዬ አቶ ጥላዬ ናቸው።

«ተነስ እንጂ! ያ ስለ ቀዳዳው ያቀረብከው ጥናት እኮ በኮሚቴ ጸደቀ።»

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። «ሊደፈን ነው?»

«ለመድፈን ጨረታ ይውጣ ተባለ። መቼም ተጫራች ሥራውን ሳያይ ዋጋ አይሰጥም። ስለዚህ ቀዳዳውን ከነቦታው፣ ከነይለፍ ቃሉ በሰነዱ ውስጥ ዘረዘርነው። መመሪያው ግልጽነት ነው የሚለው። ማስታወቂያው በጋዜጣ ከወጣ አሥራ አምስት ቀኑ ነው፤ አልነገሩህም እንዴ?»

«ሰነዱን... ስንት ሰው ወሰደው?»

«ሠላሳ አንድ!» አሉ ኮራ ብለው። ከዚያ ግን ግንባራቸውን አከክ አደረጉ። «የገረመኝ ነገር፣ የጨረታ ሳጥኑን አሁን ከፈትነው። ዋጋ ያስገባ አንድም የለም።»