የጋሼ ሰው-አለኝ የመጀመሪያው ሰው

በየቤተሰቡ አንድ «ሰው አለኝ» ባይ አለ። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካጋጠማችሁ ባዩ ራሱ እሱ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጥርስ ሲያም፣ ይህ ሰው ከተቀመጠበት ንቅንቅ ሳይል እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ስልኩን አውጥቶ ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ እንደ መጽሐፍ ይገልጠዋል። «ቆይ፣ ሰው አለኝ» ይላል። ሁሉም ይቆያል። እስካሁንም እየቆየ ያለ አለ።

ለአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት የደረሱት ክቡር ጋሼ ሰው-አለኝ ናቸው። የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ተርሚናል በስምሪት ኃላፊነት ጨርሰው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዘመድ አዝማዱን ኑሮ ያሰማራሉ። ስሙን ያወጣችላቸው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሚጣ ናት። መጀመሪያ ሲሰሙት የተቆጡ መስለው ነበር። በኋላ ግን ራሳቸው በር ሲያንኳኩ «ማነው?» ሲባሉ «ሰው-አለኝ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

ጣሪያው ሲያፈስ «አናጺ አለኝ፣ እጁ ወርቅ ነው» አሉ። ወርቁ እጅ ብቅ ሳይል ዝናቡ ራሱ ታክቶት ተወ። የስፌት መኪናዋ ሞተር ሲቃጠል ደግሞ መካኒክ ነበራቸው፤ ተደወለለት፣ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። የስፌት መኪና ጠጋኝ ምን ስብሰባ አለው? አንዱ ሰው ሥራ ቀይሯል፣ አንዱ ስልኩ ዝግ ነው። ሌላው ሲጠየቅ «ሞቷል» ተባለ፤ ጋሼ ከልባቸው አዘኑ፤ ለካ ከሞተ ቆይቷል። በስንት ዘመን አንድም የጋሼ ሰው በአካል የዚያን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር። የሚጣ ነገር ሲመጣ ግን ሳቁ ጠፋ።

ሚጣ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ትስላለች፣ ትበላለች ግን አትወፍርም። እናቷ «ስስማት ጨው ጨው ትላለች» ስትል ሰዉ ይስቅባት ነበር። በስንት ምልልስ አንዲት ዶክተር አልሳቀችም፤ መረመረቻትና ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ነው አለች። አብሯት የተወለደ ነው፣ ከማንም አልተጋባባትም፤ ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ማስቲካ እየተጣበቀ ያስቸግራታል፣ ምግቡም ያለ መድኃኒት አይፈጭላትም። እንግዲህ ከምግብ ጋር ካፕሱል፣ በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ አክታው እንዲላቀቅ በትራስ ላይ አስተኝቶ ጀርባዋን መታ መታ ማድረግ።

እናት ይህን ሁሉ ብቻዋን ያዘችው። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፣ ከሚስቱ ይልቅ መሪው ያውቀዋል። ጎረቤት «እኔ ልያዝልሽ» ሲላት «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ትላለች፣ ልጇን ግን አትሰጥም። የሌላ ሰው እጅ አንድ ነገር ከዘነጋ ሚጣ የምታመልጣት ይመስላታል። ዶክተሯን ሁልጊዜ ልትጠይቃት እያለች የምትውጠው ጥያቄ ነበራት፦ «ታድግልኛለች?» መልሱን ስለፈራች ስለ ካፕሱል ጠይቃ ትመለሳለች። እንቅልፏን ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው። አንድ ቀን የአንድ ሰውዬ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍታ አስረከበችው።

በሆስፒታሉ የቤተሰብ አማካሪ የሆነች ወጣት ነበረች፤ ይህን ስትሰማ ወንበሯን አስጠጋች።

«የኔ ሥራ ሚጣ አይደለችም። ሚጣ ዶክተር አላት። የኔ ሥራ አንቺ ነሽ» አለቻት። «እንደዚህ ከቀጠልሽ ትወድቂያለሽ። ቢያንስ ማታ ማታውን የሚረከብሽ አንድ ሰው እናሰልጥን። ማን አለሽ?»

«ማንም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጎኗ ተቀምጠው የነበሩት ጋሼ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ። «ሰው አለኝ!»

አማካሪዋ ፊቷ በራ። ልብስ ሰፊዋ ከጀርባቸው ራሷን ነቀነቀችላት፣ በከንቱ አትልፊ በሚል ዓይነት። ጋሼ ጣታቸውን አራሱ፣ ገለጡ፣ ደወሉ። ዝግ ነው። «ነርስ ነበረች» አሉ፣ አፍረው።

«እርስዎስ?» አለቻቸው አማካሪዋ።

«እኔ?» ወደ ኋላቸው ዞር አሉ፣ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏቸው። «እኔማ ሰው አገናኝ ነኝ እንጂ…» ብለው ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ነው ያ የቅዳሜ ከሰዓት የመጣው። ልብስ ሰፊዋ ሚጣን አጠገቧ አስቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ታክሲ ደጅ ላይ ቆመ፣ በሩም ተንኳኳ።

«እቴ፣ ክፈቺ! ሰው አመጣሁልሽ!»

ከፈተች። እውነትም ሰው ነው! ጋሼ በኩራት ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል፣ ከኋላቸው አንዲት ሴት፣ ከሴትየዋ ኋላ አንዲት ረጅም ኮረዳ ፊቷን አጨፍግጋለች። ኮረዳዋ ሳለች። ልብስ ሰፊዋ ያንን ሳል ከሺህ ሳል መሃል ትለየዋለች። በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

«ጋሼ! ምን አደረጉኝ! የዚህ በሽታ ልጆች እርስ በርስ መጠጋት የለባቸውም! የሳንባቸው ተሕዋስ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፣ አንዳቸው ለአንዳቸው ግን አደጋ ነው! ዶክተሯ ስትናገር እርስዎ የት ነበሩ?»

ደጅ ያለችውም ሴት ልጇን ወደ ታክሲው እየጎተተች በጋሼ ላይ ጮኸች። «ልብስ ሰፊ ነው ያሉኝ! የልጅቷን ዩኒፎርም ታሳጥርልሻለች ብለው አይደል ያመጡኝ!»

ለካ ጋሼ ከመድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ነው ያገኟት። በእጇ የሚጣን ካፕሱል የመሰለ አይተው፣ ጠይቀው፣ አንድ ዓይነት መሆኑን ሰምተው፣ ለሁለቱም ሳይናገሩ አገናኝተው ሊያስደስቱ ኖሯል። «ድንገት ደስ እንዲላችሁ ብዬ እኮ ነው» አሉ፣ በተዘጋው በርና በምትጮኸው ሴት መሃል ቆመው። ስንት ዘመን ሲያስቆዩ ኖረው አንድ ሰው ቢያመጡ እሱም ስህተት ይሁን?

ሆኖም ሰውየው አውቶቡስ ሲያሰማሩ ነው ያረጁት። ወዲያው ቀና አሉ። ኮረዳዋን ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋው ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀመጧት። ሚጣን ከውስጥ፣ ከተዘጋው መስኮት መስታወት ኋላ። ሁለቱን እናቶች ደጃፉ ላይ። ራሳቸው መንገዱ መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ አንድ ብስክሌተኛ ጭምር አስቆሙ። «በዚህ አይታለፍም!» ብስክሌተኛው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም።

እናቶቹ መጀመሪያ ተያዩ።

«ካፕሱሉን በምን ነው የምትሰጫት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሌላ ነገር ስለጠፋት።

«ትንሽ ሳለች በተፈጨ ሙዝ ነበር። አሁን ራሷ ትውጣለች።»

«ስትስሚያት…»

«ጨው!» አለች ሴትየዋ፣ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሳይቆም እንባ ሆነ። እንደዚህ የሚያውቅላት ሰው ልብስ ሰፊዋ አግኝታ አታውቅም ነበር። አማካሪዋም ደግ ናት፣ ዶክተሯም ደግ ናት፤ ልጆቻቸውን ሲስሙ ግን ጨው አይቀምሱም።

ዓይኗ ግን ወደ ማዶ እየሸሸ አስቸገራት። ኮረዳዋ እጇን አጣምራ «እማ፣ እዚህ ልናድር ነው እንዴ?» ትላለች፣ መላ ሰፈሩ እንዲሰማ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀስ ብላ።

«አሥራ ሰባት። አልዋሽሽም፣ ሆስፒታል የሰነበትንበት ጊዜ አለ፣ የፈራሁበትም አለ። ዘንድሮ ግን ትምህርት ቤት ልትጨርስልኝ ነው። ስልኳን ስለቀማኋት ካነጋገረችኝ ቆይታለች። ይኸው ኩርፊያዋን ተመልከቺ!»

ልብስ ሰፊዋ ተመለከተች። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ኩርፊያ አላየችም። አድጎ፣ ረዝሞ፣ እናቱን የሚቀየም የዚህ በሽታ ልጅ ዓለም ላይ እንዳለ ማንም አሳይቷት አያውቅም ነበር። የዚያ ስትውጠው የኖረችው ጥያቄ መልስ ማዶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል።

«የኔዋም ትቀየመኛለች ማለት ነው?»

«ገና በር ትዘጋብሻለች! አይዞሽ» አለች ሴትየዋ፣ እንደ ትልቅ ምርቃት። «ጀርባዋን ግን ጠዋት እኔ፣ ማታ ወንድሜ ነው የምንመታላት። አለበለዚያ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር።»

«እጁ ያውቃል?»

«መጀመሪያ ምን ያውቃል! ተማረ እንጂ።»

በመስታወቱ ውስጥ ሚጣ እጇን አውለበለበች። ኮረዳዋ ኩርፊያዋን ለአፍታ አስቀምጣ መለሰችላት። ጋሼ መንገዱ መሃል ቆመው፣ ማንም ያላያቸው መስሏቸው፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ የጋሼ ነገር አልተለወጠም። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፣ አናጺውም አሁንም ወርቅ ነው። ግን ለሌላው ሰው ሲል እንደዚያ የሚሮጥ፣ የሚያፍር፣ መሃል መንገድ ላይ የሚቆም ዘመድ ያለው ቤት፣ ከነስልኩም ከነምራቁም ይያዘው።

እንግዶቹ ሄደው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልብስ ሰፊዋ ትራስ አምጥታ ጋሼ ጭን ላይ አስቀመጠች። «ይምጡ፣ ይማሩ» አለቻቸው። መዳፍ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው እጅ እንዴት ጎበጥ እንደሚል አሳየቻቸው። ጋሼ በትራሱ ላይ ተለማመዱ፣ ላብ አጠመቃቸው። ሚጣ ስትተኛላቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ብሰብራትስ?»

«አልሰበርም። ጠንከር ያድርጉ» አለች ሚጣ፣ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ።

እናት ቆማ አየች፣ ሁለት ጊዜ መዳፋቸውን አስተካከለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ድምፁ መጀመሪያ ይደናቀፍ ነበር፤ እየቆየ ልክ ልኩን ያዘ። ድንገት ሚጣ ከሆዷ ሳለች፣ ደጋግማ ሳለች።

«እቴ! ሳለች! አክታ ወጣ!» ጮኹ ጋሼ። «ትመጫለሽ?»

«ጥሩ ነው ጋሼ፣ መውጣቱ ነው የሚፈለገው። ይቀጥሉ።»

«አትመጪም እንዴ?»

«አልመጣም» አለች፣ ጫማዋን በእግሯ አሽቀንጥራ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበችው።