የየትኛው ፈረንጅ አፍ?

እኛ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ሰዎች ሰው በመለየት አንታማም። አንድ እንግዳ «እንዴት አደራችሁ» ሲል ሰምተን ብቻ የወንዛዬ ይሁን የጣራ ገዳም እንነግርዎታለን። ሳይጠይቁንም የአያቱን ደብር እንጨምርልዎታለን። ባሕር ማዶ ስንሻገር ግን ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ። ነጣ ያለ ሁሉ ፈረንጅ ነው፤ የሚናገረውም የፈረንጅ አፍ ነው፤ አለቀ። ይኼ ስንፍናችን አንዴ የአንድ ደግ ሰው አንገት ሊያስቆርጥ ነበር፤ ላውጋዎትማ።

ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በዓመቱ አዛዡ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ በአስተርጓሚ በኩል «ትምህርት ቤት ልከፍት ነው፤ ከእናንተ ውስጥ የፈረንጅ አፍ የሚችል ማነው?» አለ። አዛዡ «የእኛን ቋንቋ» ብሎ ይሆናል፤ አስተርጓሚው ግን ያው የኛው አገር ሰው ነዋ! ሕዝቡ ሁሉ የኔታ ወርቁን ጠቆመ። የኔታ የዜማ መምህሬ ናቸው። በጎልማሳነታቸው አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ተከትለው፣ በቅሎውን እየጫኑ ሰባት ዓመት ዞረዋል፤ ቋንቋውንም ከነጽሕፈቱ ይዘው ተመልሰዋል። «የኔ እንኳ...» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ አስተርጓሚው «እምቢ ካሉ ሽፍታ ይባላሉ» ብሎ በጆሯቸው ሹክ አላቸው። ሽፍታ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ያን ሰሞን ገበያው መሃል አይተናል። በማግስቱ የኔታ ጀርመንኛ ማስተማር ጀመሩ።

ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲማር ታዘዘ። እኔ የሃያ ዓመት ዲያቆን ነበርኩ፤ ጎረቤቴ አያ ደመቀ ደግሞ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ገበሬ ነው። የኔታ ሌላ የማስተማሪያ መንገድ ስለማያውቁ እንደ ቤተ ክህነቱ ሥርዓት በሦስት ከፈሉን፤ ፊደል ቤት፣ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት። ጀርመን ከየስሙ ፊት ደር ወይም ዲ ወይም ዳስ የሚል ቃል ያቆማል፤ የቱ ለየቱ እንደሆነ ምክንያቱን እግዜር ይወቀው። የኔታ መላ ዘየዱ። የደርን ስሞች በግዕዝ፣ የዲን በዕዝል፣ የዳስን በአራራይ ዜማ አስባሉን። ዜማው ከተያዘ ቃሉ የት ይሄዳል? በጽሕፈት ጊዜም በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ማስቀመጥ ግዴታ ነበር። ሁለት ነጥብ የሌለው ጽሕፈት ለየኔታ ጥምጣም የሌለው ቄስ ማለት ነው። አያ ደመቀ ግን ትምህርቱ አልተዋጠለትም። «ዳስ ውስጥ ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ ዳስ ዳስ ስንል ተዝካር እንዳንጠራ» እያለ ያጉረመርም ነበር።

ዜማ ቤት በገባሁ ሰሞን መንገድ ላይ አንድ ወታደር አገኘሁና ኮራ ብዬ በጀርመንኛ እንደምን አደርክ ለማለት «ጉተን ሞርገን» አልኩት። ያነጠስኩበት ያህል አየኝ። እየሮጥኩ ወደ የኔታ ሄድኩ።

«የኔታ፣ ይኼ የእነሱ አፍ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ታዲያ ቢያውቁብዎ?»

«ልጄ፣ የፈረንጅ አፍ ትችላለህ ወይ አሉ፤ እችላለሁ። የየትኛው ፈረንጅ ብለው አልጠየቁም። ደግሞስ የማላውቀውን ላስተምር?»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። የፈራነው አልቀረም፤ ትምህርቱን የሚመረምር መቶ አለቃ ይመጣል ተባለ። ያን ዕለት ጠዋት የኔታ ዳዊታቸውን በእጄ ሰጡኝና «ካልተመለስኩ ለባለቤቴ አድርስልኝ» አሉኝ። እኔ ዳዊቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ እሳቸው ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ ዳሱ ገቡ።

መቶ አለቃው ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ የሆነ ለጋ ወጣት ነው። የፊደል ቤት ተማሪ ሁሉ ብድግ ብሎ «ጉተን ሞርገን!» ሲል የመቶ አለቃው ፊት በርበሬ መሰለ። አስተርጓሚው ላቡን ይጠርጋል። እኛ የዜማ ቤት ተማሪዎችም ገባንበት፤ እየተወዛወዝን ደርን በግዕዝ፣ ዲን በዕዝል አወጣን። ዳስን በአራራይ ስናነሳ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ የኔታን በጀርመንኛ ማናገር ጀመረ። እኔ የዜማ ቤት ሰው ነኝና አብዛኛው ገባኝ።

ለካስ ይኼ ሰው አገሩ ተራራማ ናት፤ ጣሊያን የያዛት እሱ ሕፃን ሳለ ነው። የእናቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ጣሊያኖቹ ቋንቋውን ከለከሉ። ይናገረዋል እንጂ መጻፍ አልተማረም። እናቱ ደግሞ ከጀርመንኛ በቀር ማንበብ አያውቁም። አገሩን ከለቀቀ ጀምሮ አንድ ደብዳቤ አልላከላቸውም።

መዝገቡን አወጣና በጣሊያንኛ ጻፈ። አስተርጓሚው በትከሻው ላይ አጮልቆ አነበበልን፤ «ተማሪዎቹ በቋንቋችን ያላቸው ዕውቀት እጅግ የሚያስመሰግን ነው።» በቋንቋችን! ዳዊቱን ለየኔታ መለስኩላቸው፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ ተሳለሙት።

በሳምንቱ መቶ አለቃው ብቻውን ተመልሶ መጣና ልማር አለ። የኔታ ሹመቱን አላዩለትም። «ፊደል ያልቆጠረ ንባብ ቤት አይገባም» ብለው ከአያ ደመቀ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኔታ እሱን አንቱ ማለታቸውም ቀረ። ጠላቴ እንደሆነ አልረሳሁም፤ ዛሬም አልረሳሁትም። ግን ሰሌዳ ታቅፎ የእናቱን ፊደል ሲለቅም ሳየው አንጀቴን በላው። አያ ደመቀ ማጉረምረሙን ትቶ እጁን ይዞ ያስጽፈው ጀመር።

ከብዙ ወራት በኋላ የመጀመሪያ ደብዳቤውን ጻፈ፤ የኔታ አርመው አሳለፉለት። መልሱ ሲመጣ እየሮጠ ዳሳችን ድረስ ይዞት መጣና ሁላችን ፊት አነበበው። «ልጄ፣ ጽሕፈትህን አይቼ አለቀስኩ» ይላል። «ግን በየቃሉ መሃል ያስቀመጥካቸው ሁለት ሁለት ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

መቶ አለቃው ደንግጦ ወደ የኔታ ዞረ። የኔታ ከሱ ብሰው ደነገጡ።

«እናትህ ሁለት ነጥብ አያውቁም?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «በል ግድ የለም፣ ጻፍላቸው። ፊደል ቤት ለሳቸውም ገና ቦታ አለ።»