የሩማይሲያ ሀብት ክፍፍል

ፌዴራሊዝም ያልገባው ሰው ፓርላማ ምን ያደርግለታል? እዚህ ዐረብ አገር፣ ፋርዋኒያ መጥቶ እኛ ክፍል አንድ አርብ ይዋል!

ሦስት ሴቶች ነን። ሳምንቱን ሙሉ በየማዳሞቻችን ቤት ስንሠራ ከርመን፣ አርብ እረፍታችንን በጋራ በተከራየናት አንዲት ክፍል እናሳልፋለን። ሦስት ፍራሽ፣ ሦስት ክልል! እኔ ከሙባረክ አል-ከቢር፣ አልማዝ ከሳልሚያ፣ የወሎዋ ዘይነባ ደግሞ ከሩማይሲያ እንመጣለን። ቡታጋዙ የዘይነባ ነው። የተፈጥሮ ሀብቱም ያለው እሷው ጋ ነው... ማዳሟ ግብዣ ባደረገች ቁጥር መችቡስ የሚሉትን ሩዝ በሥጋ በድስት ታሸክማታለች። የእኔ ማዳም የምትሰጠኝ ምክር ብቻ ነው!

ባለፈው አርብ ዘይነባ ድስቱን ከፈተችው። የበግ ሥጋ፣ ያውም ጮማ! ትልቁን ሰሃን ለራሷ ስታነሳ ደሜ ፈላ።

«ቆይ! በምን ቀመር ነው?»

«የምን ቀመር? ከሩማይሲያ ድረስ የተሸከምኩት እኔ!»

«ሀብት የፌዴሬሽኑ ነው! የመጣው ሁሉ ለሦስት እኩል ይካፈላል!»

«ስሚኝ እስቲ፣ ለእናንተ እኮ...»

«አልሰማም! መጀመሪያ ሕጉ ይጽደቅ!»

እጄን አወጣሁ። አልማዝም ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል አወጣች። ሁለት ለአንድ፣ ጸደቀ! ዘይነባ «ባጎረስኩ ተነከስኩ፤ ኻላስ!» ብላ ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች። ቡታጋዙንም ነቀለች። መገንጠል ማለት ይሄ ነው፣ እናንተዬ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሳምንቱን ሙሉ «ያላ! ያላ!» ስባል ከርሜ ከልቤ የምስቀው አርብ ብቻ ነው፤ የምታስቀኝም ዘይነባ ናት። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ልስቅ ነው? ከአልማዝ ስልክ ጋር?

«ዘይኑዬ፣ በሞቴ! ሕጉን እንሽረዋለን።»

ትንሽ አሰበችና ቡታጋዙን መለሰችው። «የለም፣ ሕግ ሕግ ነው» ብላ ትልቁን ጎድን ሰሃኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «እንኪ ድርሻሽን። ብዪ!»

ልጎርስ ስል አልማዝ ጮኸች።

«አንቺ! ዛሬ እኮ አርብ ነው! ጾም ነው!»

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ...! እኔና አልማዝ ረቡዕና አርብ ሥጋ በዞረበት የማንዞር ክርስቲያኖች ነን። ደግሞ አርብ ባይሆን እዚያ ክፍል ምን እሠራ ነበር?

ዘይነባ በሳቅ ፍራሿ ላይ ተዘረረች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሌላ ዕቃ አወጣች።

«ወላሂ፣ ለእናንተ ብዬ የጾም ምስር ሠርቼ ነበር። ልነግርሽ ስል ሕግ አጸደቅሽ!»

እፎይ ብዬ እጄን ወደ ምስሩ ስሰድ ያዘችኝ።

«ቆይ! የመጣው ሁሉ ለሦስት እኩል ይካፈላል!»

እናም ዘይነባ ሥጋዋን በምስር፣ እኛ ምስራችንን በቁጭት በላን። ፌዴሬሽኑ ግን ተረፈ፤ እስኪያመን ድረስ ሳቅን።

የሥጋ ድርሻዬን ቅዳሜ እበላዋለሁ ብዬ በፌስታል ይዤ ገባሁ። ማድቤት ባስቀምጠው የማዳም ድመት ጠራርጋ በላችው። አትጾም፣ ድምፅ አትሰጥ፣ ክልል የላት!