የኦቦ አብዱረዛቅ ኦሜፕራዞል

በየከተማው ሳይማር የተመረቀ አንድ ሐኪም አይጠፋም፤ ለእኛ ለጭሮዎች የደረሱን ክቡር ዶክተር ኦቦ አብዱረዛቅ ናቸው። ሥራቸው በመናኸሪያው የሂርና ሚኒባሶችን ተራ ማስከበር ነው። ሕክምናው የትርፍ ሰዓት ነው።

ራስህን አመመህ? ጨጓራ ነው። ወገብህን? ጨጓራ። ሚስትህ አኮረፈች? እሷም ጨጓራ አላት። «አብሽር!» ይሉና ከኮት ኪሳቸው ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ ኪኒን ይመዛሉ። መድኃኒት ቤት ያለችው ሮዳስ አንድ ቀን «ኦቦ፣ እርስዎ ታማሚ ነዎት ወይስ አከፋፋይ?» ብላቸዋለች።

«ኪኒኑ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች የጨጓራው ቁስል ላይ እንደ ሲሚንቶ ይለጠፋሉ፤ ወላሂ ወዲያው ይደርቃል» ይሉናል። ስለዚህ በርጫ ላይ አንድ ዙርባ ጫት፣ አንድ ኪኒን፣ ከዚያ ሌላ ዙርባ። ስቄባቸዋለሁ፤ ግን ከእኔ የባሰ ታማኝ ታካሚ አልነበራቸውም። ሲያመኝ እውጣለሁ፤ ሲተወኝ እረሳዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ አዞረኝ። «ኦቦ፣ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሦስት ቀኑ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ። አብሽር ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ባዶውን ተመለሰ።

«ነጋሽ፣ ይሄን አላውቅም።»

በተዋወቅንበት አሥራ አንድ ዓመት ይቺን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ለሙሽራ እንኳ ተራ የማይለቁት ሰውዬ ሆስፒታል ይዘውኝ ሄደው «ሰው እየሞተ ምን ተራ አለ!» እያሉ አተራመሱት። ለካ የጨጓራዬ ቁስል እየደማ ኖሯል፤ ሦስት ቀን አስተኙኝ። ስወጣ ዶክተር ሣህሊቱ፣ ኦቦ አጠገቤ እንደቆሙ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ኪኒኑ ቁስል አይደፍንም፤ አሲዱን ነው የሚቀንሰው። አሲዱ ፋታ ሲሰጠው ጨጓራህ ራሱ አዳዲስ ሴሎች እየሠራ ይጠገናል። ሕመሙ በቀናት ይተውሃል፤ ቁስሉ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። አንተ ገና መዳን ሲጀምር እያቋረጥክ ነው የኖርከው። ስምንት ሳምንት፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት! ጫት የሚባል እንዳላይ!»

«ያ ረቢ፣ ስንቱን ሰው አሳስቻለሁ!» አሉ ኦቦ አንገታቸውን ደፍተው።

ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሬ ይንኳኳል፤ ኦቦ ናቸው። «ዋጥክ?» «ዋጥኩ።» «ምላስህን አሳይ!» ከዚያ ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ፣ ቀድሜ እንዳልበላ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ደጄ ላይ ይቀመጣሉ። አቤት ሲያናድዱኝ!

ስምንቱ ሳምንት አለቀ። ዶክተሯ በመሣሪያ አይታ «ድኗል» አለችኝ። በማግስቱ የምውጠው ኪኒን አልነበረም፤ የሚመጡበትም ምክንያት የለም። እኔ ግን ምን ልደብቅ፣ ከንጋት ጀምሬ ጆሮዬን በሩ ላይ ጥያለሁ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተንኳኳ። ኦቦ ትኩስ ፈጢራ በሳህን ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልዋጥ?» አልኳቸው።

«ሃምሳ ስድስት ቀን ቁርስህን ከደጅ ሳሸት ከረምኩ» አሉና ገፍተውኝ ገቡ። «ዛሬስ አብሬህ ልብላ!»