ጊዜያዊ እጅ

ሰው አንዴ «ጊዜያዊ ሠራተኛ» ከተባለ ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል። እኔና የወላይታ በዴሳው ጓደኛዬ ማርቆስ ልጆቻችን ጺም እስኪያበቅሉ ድረስ በየዓመቱ ቆላ እየወረድን ለአንድ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ስንቆርጥ ኖረናል፤ እስከ ዛሬም ጊዜያዊ ነን። ከእኛ በኋላ የመጣው የፋብሪካው ድመት ግን ቋሚ ሳይሆን አይቀርም፤ ማንም «አገርህ ግባ» ሲለው አልሰማሁም።

ዘንድሮ የማርቆስ ቆንጨራ ስቶ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ካቦው አዘነ። አዝኖም ሚኒባስ ላይ ጫነን፤ «አገራችሁ ገብታችሁ ታከሙ፣ የአገር ውሃ ያድናል» አለን። የውሃውን ነገር እንጃ፤ ሶዶ ኦቶና ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች ግን ቁስሉን ያዙለት። ጣት ማብቀል የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም።

እጁ ገና በፋሻ እንዳለ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ስለ ወቅታዊ ሠራተኞች መብት ሶዶ ላይ ስብሰባ ጠራ ተባለ። የእሁድ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። አዳራሹ ውስጥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ማርቆስ ተነሣና ወላይትኛ በተጫነው አማርኛው፣ «ጋሼ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው የተቆረጠ። ማኅበሩ ፋብሪካውን ይናገርልኝ» አለ።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም። «ወንድሜ፣ ሕመምህ ሕመማችን ነው» አሉት። «ግን ማኅበሩ የሚከራከረው ለአባሉ ነው፤ አባል የሚሆነው ደግሞ ቋሚው ነው።»

«እንግዲያው ቋሚ አስደርጉኝ።»

«ለቋሚነት የጤና ምርመራ አለ። ሙሉ አካል ይጠይቃል።»

ለካስ ድሩም ቋሚና ጊዜያዊ አለው! እኔም አላስችለኝ ብሎ፣ እኛን ካልወከላችሁ ታዲያ ሶዶ ድረስ ምን አመጣችሁ አልኩ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ተባለና የሻይ ዕረፍት ሆነ።

ከሻይ በኋላ ፎቶ መጣ። ጊዜያዊዎቹ ከፊት፣ ቋሚዎቹ ከኋላ እንድንቆም፣ ሁላችንም አንድ እጃችንን እንድናነሣ ታዘዝን። ማርቆስ በፋሻ የተጠቀለለ ግራ እጁን ከሁላችን በላይ ከፍ አደረገው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድም፣ ቀኙን» አለ። ማርቆስ ንቅንቅ አላለም። ይህኔ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መጥተው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ግራውን ወደ ኋላ፣ ቀኙን ወደ ላይ አደረጉለት።

ፎቶው አሁን በየሰዉ ስልክ ይዞራል። አንድም ጣት አልጎደለብንም።