ፎቁ የተቀመጠበት ጆንያ

ምሰሶን የሚያመሰግን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በር ሲያምር እናደንቃለን፤ ቀለም ሲደምቅ ቆመን እናያለን። ምሰሶ ግን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞን ኖሮ እስኪሰበር ድረስ ሰላምታ እንኳ አያገኝም። እኔ ራሴ፣ በገንዳ ውሃ ከተማ ልጆች ፊት ስለ ኃይልና ክብደት ስሰብክ የኖርኩ የፊዚክስ መምህር፣ የማድርበትን ቤት ምሰሶ ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

አከራያችን ጋሽ ፈንቴ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ፎቅ ላይ፣ የሳቸው ሰሊጥ ምድር ቤት እንኖራለን። ዋጋው ይጨምራል እያሉ ጆንያውን ከወለል እስከ ጣሪያው ሶሌታ ድረስ ጠቅጥቀው ደርድረውታል። ምድር ቤቱ መተንፈሻ እንኳ የለውም፤ በቆላው ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር አስቡት። መቼ ሸጠው በገላገሉን እያልኩ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ።

በመጨረሻ ልባቸው ራርቶ ከባድ መኪና አስመጡ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመልስ የማዕዘኑን ምሰሶ ገጨው። ሲሚንቶው ረገፈ፣ ፌሮው ተጣመመ፣ ፎቁ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ባለቤቴ ፎቁ ላይ ናት። እኔስ? ቤቱ እንደቆመ አየሁና የቆመ ነገር ሁሉ ደህና መሰለኝ።

ጋሽ ፈንቴ ሹፌሩን ሰድበው ሲያበቁ ጭነቱ ይቀጥል አሉ። ከወሎ ለሥራ የመጣ አንድ ጫኝ ከተሰበረው ምሰሶ አጠገብ የላይኛውን ጆንያ ያዘና ሳበው፤ አልመጣም። ደግሞ ሳበው፤ ንቅንቅ የለም። ጋሽ ፈንቴ ሰነፍ አሉት። እኔም፣ አፌን በቆረጠው፣ ጠንከር አድርገህ ሳበው እንጂ አልኩት። ይባስ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ የጆንያውን ጫፍ ያዝኩለት።

ሰውየው ለቀቀው። ጆንያውና ሶሌታው መሃል ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም።

«ጋሼ፣ የከበደኝ ጆንያው አይደለም» አለ በቀስታ። «ቤቱ ተቀምጦበታል።»

እጄን እንዴት እንዳነሳሁ አላውቅም። ባለቤቴን ተጣርቼ እስክትወርድ ድረስ ደረጃው መቶ የሆነ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ የመጣው መሐንዲስ አንድም ጆንያ እንዳይነካ ከለከለ። ምሰሶ ሲሰበር ሸክሙ አይጠፋም አለን፤ ለጎረቤቱ ያወርሰዋል። ጎረቤቱ ካልቻለው እሱም ተሰብሮ ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ፎቁን ሁሉ ያወርዱታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንል የለ? አንዱ ጥሎ ሲሄድ ሎሚው የት እንደሚገባ ግን ተረቱ አልነገረንም። እኛ ዘንድ የገባው ሰሊጡ ላይ ነበር። ያንን ጆንያ ጎትተን ብናወጣው ኖሮ ይህን ወግ የሚያወራችሁ ሌላ ሰው ነበር።

እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጉንዳን እንኳ አንዱን ፍሬ ተሸክማ የምትሄደው ሰሊጥ፣ ተባብሮ ባለቤቴን ከነአልጋዋ፣ ከነቁም ሣጥኗ ተሸክሞ ዋለ! እኔ ደግሞ ከሥሯ ልስበው እየታገልኩ ነበር።

ፎቁ በብረት ተደግፎ፣ ምሰሶው እንደ አዲስ ተሠርቶ ተመልሰን ገባን። ባለቤቴ ያንን ጫኝ ምሳ ጋብዛ አመሰገነችው። እሱም፣ የዋህ ሰው ነውና፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማንስ የጆንያውን ጫፍ ይዞ እንደነበር አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ወንበር እንኳ ላነሳ ብድግ ስል እጄን ይዛ ታስቀምጠኛለች።

«ተው መምህር፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይምጣ።»