ሆዷን የነፋችው ጀልባ

አያ ታረቀኝ በሞተር ጀልባ ጀርባ ላይ ያሰሯት ትንሽ ጀልባ ባሕር ዳር ከደረሰች በኋላ አልፈታም ብላለች ይባላል። ሦስት ቀን ሙሉ ታገሏት አሉ። በመጀመሪያው ቀን አራት ወጠምሻ ገመዱን ሲጎትት ዋለ፤ በሁለተኛው ቀን መጋዝ መጣና ጥርሱ ረገፈ፤ በሦስተኛው ቀን ቄስ ተጠርተው ጠበል ቢረጩባት ገመዱ ርሶ ጭራሽ ጠበቀ። ቢቸግራቸው ሞተር ጀልባዋን ትንሿን እንዳዘለች ጣና ላይ ለቀቋት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እናትና ልጅ እንደተዛዘሉ ከደሴት ደሴት ይዞራሉ ይላል የደብረ ማርቆስ ሰው።

ወሬው ደስ ቢለኝም ማመን አቃተኝ። ያወራልኝ ሰው “በዓይኔ በብረቱ አየሁ” ብሎ ምሏል፤ ነገር ግን ከደምበጫ ወዲያ እግሩ ረግጦ እንደማያውቅ ሚስቱ ነግራኛለች። ደግሞም ወሬው ሉማሜ ሲደርስ ጀልባዎቹ ሦስት ሆነዋል፤ ሮብ ገበያ ሲደርስ ቄሱ ጳጳስ ሆነዋል። ከሁሉም በላይ፣ ጀልባዋ ስትታሰር የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ነበር።

አያ ታረቀኝን የማያውቅ አንባቢ ካለ አይጨነቅ፤ ያውቃቸዋል። ሰው ያሰረውን ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው የሌለበት አገር እግዚአብሔር አልፈጠረም። ቋጠሮ ሲያይ ጣቱን ይበላዋል። “ይኼን ማን አሰረው?” ይላል። መልስ አይጠብቅም፤ እርስዎ “እኔ ነኝ” እስኪሉ ፈትቶታል። የእኛ ከተማው እሳቸው ናቸው፤ ማዕረጋቸውም “መልአከ ቋጠሮ” ነው። ማዕረጉን የሾማቸው ጳጳስ የለም፤ እኛው ሻይ ቤት ተሰብስበን ሾምናቸው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም።

መልአከ ቋጠሮ በጉልምስናቸው የነጋዴ አጋሰስ ጫኝ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡናና ጨው በበቅሎ ጭነው ዓባይን ወርደው ወጥተዋል። ኋላ ካሚዮን መጣ። በቅሎዎቹ ከመንገድ ወጡ፣ ነጋዴዎቹ ሱቅ ከፈቱ፣ አያ ታረቀኝ ከነገመዳቸው ቀሩ። ጫኝ ጭነት ካጣ ምን ያደርጋል? የሰው ጭነት ይፈታል።

አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥተው ጭነቱን ሁሉ እንደ አዲስ ስላሰሩት ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሣው አውቶቡስ በአራት ሰዓት የተነሣበት ቀን ጥቂት አይደለም። በመጨረሻ የአውቶቡሱ ባለቤት መሰላሉ ላይ ጽሑፍ አንጠለጠለ፦ “ከአቶ ታረቀኝ በቀር ማንም ሰው መውጣት ይችላል።” አያ ታረቀኝ ጽሑፉን አስነብበው ሰሙና የተንጠለጠለበትን ሲባጎ ፈትተው አሳምረው አሰሩት።

ቀብር ላይ ያደረጉትንማ ማን ይረሳል! የአንድ የተከበሩ ሽማግሌ አስከሬን በቃሬዛ ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ለቀስተኛውን ሰንጥቀው ገቡና “አውርዱ!” አሉ።

“ምነው አያ ታረቀኝ?”

“ወደ ግራ አድልቷል። እንዲህ አድርጋችሁ ከሰደዳችኋቸው ሰማይ ቤት በጎናቸው ነው የሚደርሱት።”

ልቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ ባልቴቷ ዞረ። እሷም ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጥ አድርጋ፣ “ይፍቱትና ያቅኑት እባካችሁ። በሕይወቱ ማን አቅንቶት ያውቃል?” አለች።

ሚስታቸው፣ እማሆይ ለመሆን የቀራት ቆቡ ብቻ ነው እየተባለች የምትታማው የብርጓል ደግሞ ለጎረቤት ስታማርር እንዲህ ትላለች፦ “ቤቴ ውስጥ ያልታሰረ ነገር የለም። ጨው ለመጨመር ግማሽ ቀን ስፈታ እውላለሁ። እኔንማ በቁርባን አስሮኛል፣ የት እሄዳለሁ?”

እንግዲህ በ1958 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ካሚዮን ከዓባይ በኩል እያቃሰተ መጣና ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። የጫነው ሞተር ጀልባ ነበር፤ ነጭ፣ ሆደ ሰፊ፣ እንደ ሠርግ በቅሎ የተቀባባች። በጀርባዋ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ጀልባ ተቀምጣለች። ሁለቱም ጣና ላይ ለሚሠራ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላኩ ናቸው።

“መርከብ መጣ!” ተባለ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ የቆሎ ተማሪ ዳር ቆሞ፣ “ዳግመኛ የጥፋት ውኃ ላይመጣብን ቃል ኪዳን ተገብቶልን የለም እንዴ?” እያለ ይጠይቃል።

ከካሚዮኑ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ሾፌሩ ባምላኩ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቆቡን ወደ ጎን የደፋ፣ በዓለም ላይ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቅን ነው። ሁለተኛው ጀልባዎቹን ፈርሞ የተረከበው ጸሐፊ ፍቅረ ሥላሴ ነው፤ ከረባት ያሰረ፣ ጃንጥላ ያቀፈ፣ ከፍርሃት የተነሣ ፊቱ አመድ የመሰለ። ትንሿ ጀልባ የዓባይን ቁልቁለት ሲወርዱ ሦስት ጊዜ ተንሸራታ ልትወድቅ ነበር። ጎኗ አንድ ክንድ ያህል ተፍቋል። አፏን ወደ ላይ ከፍታ ስለታሰረች የመስከረም ዝናብ ሞልቷት፣ የጣናን ግማሽ ይዛ መጥታለች።

“በፊርማዬ ነው የተረከብኳት” ይላል ፍቅረ ሥላሴ ለሚሰማውም ለማይሰማውም፤ “ከተሰበረች እንጀራዬ አለቀ፤ አራት ልጆች አሉኝ።”

ይኼኔ ከሕዝቡ መካከል የታወቀው ድምፅ ተሰማ። “ይኼን ማን አሰረው?”

“እኔ ነኝ አባባ” አለ ባምላኩ ደረቱን ነፍቶ።

“እግዚአብሔር ይፍታህ።”

“አባባ፣ ይኼኮ ጀልባ ነው፤ በቅሎ አይደለም።”

“ከታች የምትሸከም አለች፣ ከላይ የምትጫን አለች፣ በመካከል ገመድ አለ። በቅሎ ያልሆነችው የቷ ላይ ነው?” አሉና ካሚዮኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ዞረው ሲጨርሱ ፊታቸው ተቋጠረ። “የወዲያ ጎኗስ?”

“የምን የወዲያ ጎን?”

“በአንድ ጎን የሚጫን ጭነት ተወልጄ አላየሁም። ጓደኛዋ ሁለተኛዋ ጀልባ የት አለች?”

“አንድ ናት አባባ! አንድ ብቻ!”

አያ ታረቀኝ አሰቡ። ዓይናቸው ፍቅረ ሥላሴ ላይ ዐረፈ፤ ከጫማው እስከ ፀጉሩ መዘኑት። “ይኼ ልጅ ሁለት ኩንታል አይሞላም አይደል?” አሉ። ፍቅረ ሥላሴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ባምላኩ ግን አልሳቀም። “በሉ ዞር በሉ፣ መንገድ አለብን” ብሎ በሩን ሲይዝ አያ ታረቀኝ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “አገር ይስማኝ! እኔ አስሬያት ባሕር ዳር ሳትደርስ ንቅንቅ ካለች፣ ከዛሬ ጀምሮ ገመድ በእጄ አልነካም። ማርቆስን! መቀነቴን እንኳ የብርጓል ታስርልኝ።”

የአውቶቡሱ ባለቤት ተስፋ በፊቱ ላይ ሲያበራ አየሁት። የብርጓል ደግሞ ከሕዝቡ መካከል ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ “ማርቆስ አባቴ፣ ጣላት! ሁለት ጧፍ አገባልሃለሁ!” አለች።

“እናቴ፣ ልጆች አሉኝ እኮ!” አለ ፍቅረ ሥላሴ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

የብርጓል አዘነችለት። “እንግዲያስ ማርቆስ፣ ጥቂት ብቻ አንሸራታት” ብላ ስለቱን ወደ አንድ ጧፍ አወረደችው።

ቀጥሎ የሆነውን ያየ ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ ሁሉም ይስቅ ነበርና። ፍቅረ ሥላሴ ባምላኩን አልፎ ሄደና ትርፉን ገመድ ከካሚዮኑ ስቦ በሁለት እጁ ለአያ ታረቀኝ ሰጣቸው። “እባክዎ አባቴ፣ ይሰሩልኝ” አለ።

ካሚዮን ከመጣ ወዲህ ገመድ ሁሉ ነጥቀው ነበር የሚያስሩት። በእጁ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። አያ ታረቀኝ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም በጣታቸው ዳበሱት። ገመድ ቀስ ብለው ሲይዙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ አልቆየ።

“ገልብጧት!” አሉ። “የተከፈተ አፍ ዝናብ ይጠጣል!” ስትገለበጥ የያዘችው ውኃ ከፊት የቆምነውን ሁሉ አጠበን። ከሥሯ ገለባ የተሞላ ጆንያ አስደለደሉ። አፍንጫዋን ወደ ፊት፣ ጭራዋን ወደ ኋላ ወጥረው ካሰሩ በኋላ ገመዱን በሞተር ጀልባዋ ሆድ ሥር ሁለት ጊዜ አሾለኩት፤ በጉልበታቸው ጎኗን እየደሰቁ፣ “ቁሚ! ቁሚ አንቺ!” እያሉ ሳቡት። ከዚያ ወረዱና እጃቸውን አራገፉ።

“አለቀ?” አለ ባምላኩ።

“አላለቀም። አራምዳት።”

“ምን ላድርጋት?”

“በቅሎ ስትጫን ሆዷን ትነፋለች” አሉ አያ ታረቀኝ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። “ተንኮለኛ ናት። ጥቂት ስትሄድ ትተነፍስና መጫኛው ይላላል። ስለዚህ ጥቂት አራምዶ እንደገና ማጥበቅ ነው። ይኼን ያላወቀ ጫኝ ጭነቱን ገደል ገብቶ ነው የሚለቅመው።”

“ጀልባ ሆድ የላትም!” ብሎ ጮኸ ባምላኩ።

አያ ታረቀኝ የሞተር ጀልባዋን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ድም ድም አለ። “ታዲያ ይኼ ምኗ ነው?”

ባምላኩ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪያነባ ሳቀ። “ጀልባ ሆዷን ነፋች! ይኼን አዲስ አበባ ገብቼ ሳወራ ዓመት ሙሉ ጠጅ በነፃ ነው የምጠጣው!” ቢሆንም ፍቅረ ሥላሴ በዓይኑ ስለለመነው፣ ወሬውንም ለማሳመር፣ ካሚዮኑን አስነሥቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ነዳና ተመለሰ። ከተማው ግራና ቀኝ አጅቦ ሄደ፤ አጅቦ ተመለሰ። የዚያን ያህል የታጀበ ሙሽራ በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም።

አያ ታረቀኝ ወጡ። እጃቸውን ከገመዱ ሥር አስገቡ። ገመዱ አንድ ስንዝር ሙሉ ላልቷል።

የሳቀ ሰው አልነበረም። “ተነፈሰች” አሉ አያ ታረቀኝ በለሆሳስ።

“ገለባው ተጨፍልቆ ነው” አለ ባምላኩ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

“ገለባውን ማን ጨፈለቀው? እሷ ስትተነፍስ ነዋ!”

እንደገና አጠበቋት። ካሚዮኑ ወደ ደምበጫ ሲያቀና አያ ታረቀኝ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ መንገዱ መካከል ቆመው አዩት። ከዚያ በኋላ የጀልባዋን ወሬ እየጠበቁ ዐሥር ቀን ምንም ነገር ሳይፈቱ ዋሉ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ሲነሣ ሰነበተ፤ ሰው ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደጎደለው ሆነ። የብርጓል እንኳ የጨው ዕቃውን ያለ ትግል መክፈቷ አላስደሰታትም። “ታሞብኛል” ትላለች ለጎረቤት።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ባምላኩ ባዶ ካሚዮኑን ይዞ ተመለሰ። ቆቡን አውልቆ ወረደ፤ ገመዱን በወጉ ጠቅልሎ ይዟል። “አባባ፣ አንድ ጣት አልተነቃነቀችም” አለ። ከዚያ ዙሪያውን ገላመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ “ደምበጫ ላይ ወርጄ አየኋት። ዳንግላም ላይ አየኋት። ዳግመኛ አልነፋችም።”

“ጨዋ ናት” አሉ አያ ታረቀኝ፤ በማግስቱ አውቶቡሱ በአራት ሰዓት ተነሣ።

ወሬው የተወለደው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ስነሣ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለማንም አትንገሩብኝ። ሻንጣዬን ቤቴ ውስጥ በደንብ አስሬ ወጣሁ። የአያ ታረቀኝ አጥር ጋ ስደርስ ቆምኩና ፈታሁት፤ እንደ ሰካራም አወለጋግጄ አሰርኩትና በደጃቸው እያዘገምኩ አለፍኩ። የአውቶቡሱ ሰዎች በኋላ እንደነገሩኝ፣ ይኼን የማደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሻንጣዬ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ እሳቸው አጎንብሰው ሲስቡ፣ “አያ ታረቀኝ፣ ጀልባዋ ባሕር ዳር አልፈታም አለች የሚባለው እውነት ነው እንዴ?” አልኳቸው።

ገመዱን ለቀቁና ቀና አሉ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

“ውሸት!”

“መጋዙስ?”

“ውሸት!”

“ጠበሉስ?”

“ውሸት ነው አልኩህ! በቅሎ አፋፍ ላይ ብትወድቅ ጭነቷን በአንድ ሳብ ካልፈታህላት ተከትላው ገደል ትገባለች። የማይፈታ ቋጠሮ ማንም ደንቆሮ ያስራል፤ እኔ አስሬ አላውቅም። ያ ባለ ከረባት ልጅ በአንድ እጁ ነው የፈታት፤ በሌላው እጁ ጃንጥላ ይዞ።”